የአንድ ወር ልብ ወለድ፦ ጥቅምት ላይ ምን እናዘጋጅ?



ከሁለት ዓመት በፊት፣ ልጄ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች፣ በእንግሊዝኛ ረዘም ያለ ታሪክ ጻፈች። ታሪኩ ውስጥ አንዲት አያት አሉ። ቡና ይቆላሉ፣ መስኮቱ ጋ ቆመው የሲያትልን ዝናብ ያያሉ፣ ነጠላቸውን ያስተካክላሉ። ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንዲት ቃል አይተነፍሱም። «ምነው ዝም አሉ?» ብላት፣ «እማማ እኮ እንግሊዝኛ አያወሩም» አለችኝ። ነገሩ ውስጤ ቀረ።

በኖቬምበር ወር ልብ ወለድ ጽፎ የመጨረስ ልማድ እንዳለ ከልጆቻችሁ ሳትሰሙ አትቀሩም። ናኖራይሞ ይሉታል። በ1999 (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው) ክሪስ ቤቲ የሚባል ሰው በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ የጀመረው ሲሆን፣ ያኔ 21 ሰዎች ነበሩ። ግቡ 50,000 ቃል ነው፤ በቀን 1,667 ገደማ ይደርሳል። ድርጅቱ በ2025 መዘጋቱን ቢያሳውቅም የሚጽፉ ሰዎች አልጠፉም። ለልጆች በነበረው ክፍል ልጁ የቃሉን ብዛት ራሱ ይመርጥ ነበር። ለእኛ የሚሆነን ይኼኛው ነው።

ምክንያቱም የአማርኛ ቃል ሌላ ነው። እንግሊዝኛ አምስት ቃል የሚፈጅበትን «አልነገርኳትም» እኛ በአንድ ቃል እንጨርሰዋለን። ስለዚህ ልጃችሁ በቀን 30 ቃል ከጻፈ ትንሽ አይምሰላችሁ። በ30 ቀን 900 ቃል ነው፤ ብዙዎቹ ልጆቻችን በአማርኛ ይህን ያህል ጽፈው አያውቁም።

ኖቬምበር 1 ጥቅምት 22 ላይ ይውላል፤ የሚያበቃው ደግሞ ኅዳር 21፣ በኅዳር ጽዮን ዕለት ነው። ዝግጅቱ እንግዲህ የጥቅምት ሥራ ነው። ብዙ የጽሑፍ መምህራን «መጀመሪያ የታሪኩን አካሄድ ንደፉ» ይላሉ። ይሁን፣ ክፋት የለውም። የእኛ ልጆች ግን ታሪክ አልቸገራቸውም። የቸገራቸው ሰዎቹ የሚናገሩት ነገር ነው።

ባለፈው ዓመት በአማርኛ እንሞክረው ስንል ጥቅምትን ድምፅ ስንለቅም ከረምን። ጠዋት እዚህ ሲነጋ አዲስ አበባ ይመሻል፤ ልጄ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት እናቴ ጋ እየደወለች «እማማ፣ ሲቆጡ ምንድነው የሚሉት? ሲደነግጡስ? እንግዳ አልበላም ሲልስ?» ትላለች። እናቴ መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥሎ ገባቸው። «ኤዲያ»፣ «ወግጅልኝ»፣ «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» ሁሉም ደብተር ላይ ሰፈረ። «አፈር ስሆን» ላይ ግን ልጄ ቆመች። «እማማ ለምንድነው አፈር መሆን የሚፈልጉት?» አንዲት ጉርሻ ለማጉረስ መሆኑን ሳስረዳት ከጠረጴዛው ተነስታ እየሳቀች ቤቱን ዞረችው። በኖቬምበር ከጻፈችው ሁሉ ረጅሙ የዚያ ጉርሻ ታሪክ ሆነ፦ ሁለት ገጽ። እናቴም በየሳምንቱ «እ፣ በዚህ ሳምንት ምን አልኩ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር።

የራሴንም ጥፋት ልናገር። በመጀመሪያው ምሽት «ሀኪም» ብላ የጻፈችውን በቀይ ሰርዤ «ሐኪም» አልኩት። ደብተሩ ተዘጋ። ሦስት ቀን አልተከፈተም። ለመምህር ቀይ እስክሪብቶ ማስቀመጥ እንዴት እንደሚከብድ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ግን በዚህ ወር መሳቢያ ውስጥ ይቆይ። ፊደሉን ታኅሣሥ ላይ እናስተካክላለን። ቃሉ ከጠፋባትም በእንግሊዝኛ ጽፋ ትለፍ፤ በኋላ ተመልሳ ትሞላዋለች። መጻፍ የሚያዳግተው ልጅ ደግሞ ስልክ ላይ ይናገር፣ እናንተ ገልብጡለት። ስትገለብጡ ግን የእሱን አነጋገር አታሳምሩበት።

«አማርኛ ልብ ወለድ አሜሪካ ተቀምጦ ይጻፋል ወይ?» ያሉኝ አባት ነበሩ። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ በ1908 የታተመው እኮ ሮም ነው! ጸሐፊው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ያኔ ጣሊያን አገር ይኖሩ፣ ኔፕልስ ውስጥ አማርኛ ያስተምሩ ነበር። (የሰውየው ፖለቲካ ሌላ ወሬ ነው፤ ዛሬ አንገባበትም።) በኋላ «ጦቢያ» የተባለው መጽሐፍ መጀመሪያ የወጣው «ልብ ወለድ ታሪክ» በሚል ርዕስ ነው። «ልብ ወለድ» የምንለውም ከዚያ ወዲህ ነው።

በኖቬምበር ሰዓቱ ከተቀየረ በኋላ እዚህ ፀሐይ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ትጠልቃለች፣ ውጪ መጫወት የለም። ከእራት በፊት ያለችውን ሃያ ደቂቃ ያዙልን። የክፍሉን ደብተር ሳይሆን አዲስ ደብተር ግዙ፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ልጁ የመረጠውን የቃል ብዛት ራሱ ይጻፍ። ጥቅምት 22 ከመድረሱ በፊት ባለው ቅዳሜ ይዛችሁት ኑ። የምናየው የተለቀመውን ድምፅ ብቻ ነው፤ ፊደል አንቆጥርም።