አሸዋ ቢያድር አይበላሽም!



ሕንፃ መሠራቱን አንቃወምም። የምንቃወመው ገልባጭ መኪና ልጆች ትምህርት ቤት በሚሄዱበት ሰዓት በጠባቡ መንገዳችን መግባቱን ነው። አሠሪዎቹን ስንጠይቃቸው «መኪናው የሚደርስበት ሰዓት አይታወቅም» ይሉናል። ኧረ እንዴት ተደርጎ! ሶሌታ ሲሞሉ፣ ተቦክቶ የሚመጣው ኮንክሪት በ90 ደቂቃ ገደማ ውስጥ መፍሰስ እንዳለበት ስለሚያውቁ ደቂቃ ቆጥረው ያስመጡት የለም እንዴ? ታዲያ ለሲሚንቶ የተቆጠረ ሰዓት ለልጆቻችን ለምን አይቆጠርም? አሸዋና ጠጠርማ ቢያድሩ አይበላሹም፤ ጥድፊያው ምንድን ነው? ደግሞም 16 ሜትር ኩብ አሸዋ ወደ 25 ቶን ይመዝናል። ይህ ሁሉ ሸክም የሚያልፈው አዋጥተን ባነጠፍነው ኮብልስቶንና ከሥሩ ባለው የውሃ ቧንቧ ላይ ነው።

ስለዚህ፦
1. አሸዋ፣ ጠጠርና ብሎኬት ከጠዋቱ 3 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ብቻ ይግባ።
2. መኪኖች በላይኛው መንገድ ገብተው በታችኛው ይውጡ፤ መሐል ላይ ተፋጠው መንገድ አይዝጉ።
3. ኮንክሪት የሚሞላበት ቀንና ሰዓት ከ1 ቀን በፊት በዚህ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

ይህ እስኪፈጸም ዝም አንልም።

የልጆቻችን ደኅንነት ይቅደም!