ነጥብ ብቻውን ዳኛ አይሁን

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተነገረ ቍጥር አንድ ክርክር ይነሣል። የከተማውና የልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቱ ወገን፥ «ፈተናው ለሁሉ አንድ ነው፤ ወረቀቱም አንድ፥ ሰዓቱም አንድ ነው። እንግዲህ የበለጠ ያገኘ ይግባ፥ ያነሰው ይቅር፤ ከዚህ የሚበልጥ እኩልነት ከወዴት ይመጣል?» ይላል። ቃሉ ሲሰሙት የዳኛ ቃል ይመስላል። እኛ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያላለፍን የመንግሥት ሠራተኞች ብንሆንም፥ በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባለው የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ልጆች እንዴት እንደሚማሩ በየቀኑ ስለምናይ፥ ይህን ቃል ሳንመረምር ልንቀበለው አልቻልንም።

አስቀድመን ፈተናውን ራሱን እንደማንነቅፍ እንናገራለን። ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎች በዩኒቨርስቲ ግቢ ገብተው እንዲፈተኑ መደረጉ ኩረጃንና የፈተና ስርቆትን ለመከላከል የተደረገ መልካም ሥራ ነው። የታየው ውጤት ግን መራራ ሆነ። በዚያ በመጀመሪያው ጊዜ ለፈተና ከተቀመጡት 896,520 ተማሪዎች ግማሹንና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909፥ ማለት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ፈተና ደግሞ ከ3,106 ትምህርት ቤቶች 1,328ቱ አንድ ተማሪ እንኳ ለማሳለፍ አልቻሉም። በ2017 ዓ.ም. ያለፉት ከመቶ 8.4 ደርሰዋል፤ መሻሻሉ እሰየው የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን አንባቢ ያንን 1,328 የሚለውን ቍጥር ልብ ብሎ እንዲያየው እንለምናለን። በ1,328 ትምህርት ቤት ሙሉ ሰነፍ ብቻ የሚወለድበት አገር በዓለም ላይ የለም።

በአንጻሩ ተማሪዎቻቸውን በሙሉ የሚያሳልፉ ጥቂት ትምህርት ቤቶች አሉ፤ ከእነርሱም መካከል ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ይገኙባቸዋል። ወደነዚህ የሚገባው ተማሪ ከመግባቱ በፊት ይፈተናል፤ ብልጫ ያላቸው ከየወረዳው ተለቅመው ይወሰዳሉ። ከዚያ በኋላ ምግቡ፥ መኝታው፥ የማታ መብራቱና መምህሩ ይዘጋጅላቸዋል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሁሉም ሲያልፉ ትምህርት ቤቱ ይመሰገናል። ምስጋናው ይገባዋል፤ ሆኖም ከምስጋናው እኩሌታው የወንፊቱ ድርሻ ነው። ከቦረናም፥ ከወግዲም፥ ከከላላም እንዲህ ተመርጠው የሚሄዱት የእኛው ልጆች ናቸውና ማንም ከነጥባቸው እንዲቀንስባቸው አንሻም። የምንጠይቀው ስለ ቀረው ልጅ ነው።

የቀረው ልጅ ትምህርት ቤቱ ከመንደሩ ስለሚርቅ፥ ከሁለትና ከሦስት ጓደኞቹ ጋራ በወረዳው ከተማ አንዲት ክፍል ይከራያል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ በእግሩ ወደ ቤተ ሰቡ ይሄዳል፤ ቅዳሜ ሲያርስ ወይም ሲያጭድ ይውላል፤ እሑድ የሳምንት ስንቁን፥ እንጀራውንና በሶውን፥ ተሸክሞ ይመለሳል። ሐሙስ ላይ እንጀራው ይሻግታል። ሴት ልጅ ከሆነች ውኃ መቅዳቱና ማገዶው ይጨመርባታል፤ የኪራይ ቤቱም ሌሊት ያሠጋታል። የፊዚክስ መሣሪያ የሚያውቁት በጥቍር ሰሌዳ ላይ ተሥሎ ነው። በዚህም ላይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርስቲ አንደኛው ግቢ በመካነ ሰላም ነው፤ ልጁ ስንቁን ተሸክሞ በአጥሩ ሥር ያልፍ ይሆናል። ከአጥሩ ውስጥ ለመግባት ግን ከአዳሪው ልጅ ጋራ በአንድ መሥፈሪያ ይሰፈራል።

ለምሳሌ ያህል፥ ጓደኞቹ በአማካይ ከመቶ 28 ባገኙበት ትምህርት ቤት 47 ያገኘ አንድ ልጅ አለ እንበል። ሌላው ደግሞ ጓደኞቹ 75 ባገኙበት 52 አገኘ። ዛሬ ባለው አሠራር ሁለተኛው አላፊ፥ ፊተኛው ወዳቂ ይባላሉ። ለመሆኑ የትኛው ነው ከተሰጠው በላይ የሠራ?

በመሥሪያ ቤታችን አንድ ጉዳይ ሲቀርብ አባሪው ካልተያያዘ ማመልከቻው «ይሟላ» ተብሎ ይመለሳል። የተማሪው ነጥብም ያለ ትምህርት ቤቱ ታሪክ አባሪ እንደ ጐደለው ማመልከቻ ነው። አባሪውንም ለማግኘት አዲስ ጥናት አያስፈልግም። የእያንዳንዱን ትምህርት ቤት ውጤት ትምህርት ሚኒስቴር ያውቀዋል፤ ስንቱ ትምህርት ቤት አንድም እንዳላሳለፈ የነገረን ራሱ ነው። ታዲያ ትምህርት ቤቱን ለመውቀስ የጠቀመ ቍጥር ልጁን ለመመዘን ስለ ምን አይጠቅምም?

መንግሥት ነገሩን ፈጽሞ ዘንግቶታል አንልም። ሪሜዲያል በሚባለው የማካካሻ ትምህርት ለሴቶችና ለአርብቶ አደር አካባቢ ልጆች መቍረጫው ነጥብ ዝቅ ብሎላቸዋል። ይህ አስተያየት ግን የለጋምቦውን ወንድ ልጅ ከባሕር ዳሩ ልጅ አይለየውም። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን እንኳ የልዑል በእደ ማርያም ትምህርት ቤት ከየጠቅላይ ግዛቱ ጎበዞችን እየመረጠ ለዩኒቨርስቲ ያዘጋጅ ነበር። በአሜሪካ የዩኒቨርስቲ መግቢያ ሹሞች የአመልካቹን ማርክ ሲያዩ ትምህርት ቤቱ ስለ ራሱ የሚልከውን መግለጫ አብረው ይመረምራሉ፤ ተማሪው ከቀረበለት ትምህርት ምን ያህሉን እንደ ተጠቀመበት ይጠይቃሉ። የቴክሳስ ግዛትም በ1997 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ሕግ፥ በየትምህርት ቤቱ ከመጀመሪያዎቹ ከመቶ 10 ውስጥ የተገኘ ተማሪ ወደ ግዛቱ ዩኒቨርስቲዎች በቀጥታ እንዲገባ ፈቅዷል። ውድድር ከበዛባቸው ትምህርት ቤቶች የመጡ ወላጆች «የእኛ ልጅ በክፍሉ ሃያኛ ቢሆንም ከሌላው አንደኛ ይበልጣል» ብለው አጕረመረሙ። ይህ አቤቱታ እውነትነት አለው፤ እኛም ደረጃ ብቻውን ይፍረድ አላልንም። ደግሞም የመምህር ማርክ በልግስና ሊሰጥ ስለሚችል፥ ደረጃው በብሔራዊው ፈተና ነጥብ ቢወጣ ይሻላል።

ነገሩን የሚያስቸኵል ምክንያትም አለ። በ2015 ዓ.ም. የራስ ገዝ ዩኒቨርስቲዎች ዐዋጅ ወጥቶ አዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆኗል፤ የራሱንም የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። ሌሎችም ሲከተሉ በየዩኒቨርስቲው አመልካችን የሚመርጥ ሹም በወንበር ላይ ይቀመጣል። ይህ ሹም ወረቀቱን ሲያነሣ ከነጥቡ አጠገብ ሦስት ነገሮች ተጽፈው ያግኝ፤ ከዚያ ትምህርት ቤት ስንት ተማሪ እንደ ተፈተነ፥ አማካይ ውጤታቸው፥ ልጁም ከመካከላቸው ስንተኛ እንደ ሆነ። ከመቍረጫው በጥቂቱ የጐደለውን የየትምህርት ቤቱን ብልጫ ተማሪ ለማካካሻው ትምህርት ያስቀድመው፤ እዚያ ካልቻለ በማካካሻው ፈተና ይቅር። ይህ ምሕረት ሳይሆን ሚዛን ነው።

«እንዲህ ከሆነ የሐኪሙና የነጋዴው ልጅ ነጥብ ፍለጋ ወግዲ ሄዶ ይመዘገባል» የሚሉን አሉ። አራቱንም ዓመት ተቀምጦ ከተማረ እንኳን ደህና መጣ እንለዋለን። በዚያው ዓመት የትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ዕቃው ሁሉ የሚሟላ ይመስለናል።