«ጠፈር ለሁሉም» ሲሉን «ሁሉም» ማን ነው?

ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲነገር የኖረ አንድ የተስፋ ቃል አለ። «በቅርቡ ተራው ሰው ቲኬቱን ቆርጦ ጠፈር ደርሶ ይመለሳል» ይላል። ፓን አም የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ወደ ጨረቃ ለሚያደርገው በረራ ተሳፋሪ ይመዘግብ ነበር፤ እየቀለድኩ አይደለም! ከ90 ሺህ በላይ ሰዎች ስማቸውን ሰጡ፤ የተራ ቁጥር ያለበት የአባልነት ካርድም ታደላቸው። በረራው እስከ 2000 ድረስ ይጀመራል ተብሎ ነበር። 2000 ሲደርስ ግን በረራው ይቅርና አየር መንገዱም የለም፤ በ1991 ከስሮ ተዘግቷል።

ያ የድሮ ወሬ ነው ይሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ወደ ቅርቡ እንምጣ። እንግሊዛዊው ቱጃር ሪቻርድ ብራንሰን በ2004 ቨርጂን ጋላክቲክን ሲያቋቁም በሦስት ዓመት ውስጥ መንገደኛ እንደሚያጓጉዝ ተናገረ፤ የአንዱ መቀመጫ ዋጋ 200 ሺህ ዶላር ነበር። ሦስቱ ዓመት አለፈ። በ2014 መንኮራኩሩ በሙከራ በረራ ላይ ሳለ ሞሃቬ በረሃ ላይ ተበታትኖ ከሁለቱ አብራሪዎች አንዱ ሞተ። የመጀመሪያው የንግድ በረራ የተደረገው በ2023 ነው፤ ቲኬቱም 450 ሺህ ዶላር ገብቶ ነበር። በዓመቱ፣ በ2024፣ ያ መንኮራኩር ሰባት የንግድ በረራ አድርጎ ከአገልግሎት ወጣ። ሃያ ዓመት ተጠብቆ ሰባት በረራ!

የዚህ ንግድ ጠበቆች አንድ የማይለዋወጥ መልስ አላቸው፤ «አውሮፕላንም እኮ ሲጀመር የሀብታም ነበር» ይላሉ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ዝም ይላል። እስቲ ዝም ከማለታችን በፊት ዓመቱን እንቁጠር። የራይት ወንድማማቾች የበረሩት በ1903 ነው። በጃንዋሪ 1914፣ ማለትም ገና በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ ፍሎሪዳ ውስጥ በመደበኛ ፕሮግራም መንገደኛ የሚያመላልስ አውሮፕላን ሥራ ጀመረ። ቲኬቱ አምስት ዶላር ነበር፤ በባቡር ብዙ ሰዓት የሚፈጀውን መንገድ በ23 ደቂቃ ይጨርሰው ነበር። የእኛው አየር መንገድ ራሱ ከራይት ወንድማማቾች 43 ዓመት በኋላ፣ በ1946፣ ካይሮ በረረ። ጋጋሪን ጠፈር ከወጣ ግን ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። የአምስት ዶላሩ ቲኬት የት አለ?

ደግሞስ አውሮፕላን ሰውን ከአንድ ቦታ አንስቶ ሌላ ቦታ ያደርሳል። አባቶቻችን ለሐጅ ሲነሱ እስከ ምጽዋ በእግርና በበቅሎ፣ ከዚያ ቀይ ባሕርን በጀልባ እያቋረጡ ወራት ይፈጅባቸው የነበረውን መንገድ ዛሬ ሑጃጅ በሰዓታት ይጨርሱታል። የጠፈር ጎብኚው የት ይደርሳል? አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ የተነሳበት በረሃ ላይ መልሶ ይወርዳል። ለሽርሽር መሄድ ነውር ነው አላልኩም፤ ሽርሽርን የሰው ልጅ የመጓጓዣ ዘመን አድርጎ መሸጥ ግን ማታለል ነው።

ምድርን እየዞሩ መቆየት ደግሞ ከዚህም የራቀ ነገር ነው። መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ወጥቶ ለመመለስ በሰዓት 3,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት ይበቃል፤ ለመዞር ግን 28,000 ያስፈልጋል። ፍጥነቱ ስምንት እጥፍ ነው፤ ጉልበቱ ግን በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ከ60 እጥፍ ያልፋል። ይህን የትኛውም ማስታወቂያ አይቀንሰውም። አሜሪካዊው ዴኒስ ቲቶ በ2001 በሩሲያ መንኮራኩር ወደ ጠፈር ጣቢያ ሲሄድ 20 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ ተባለ። በ2022 ወደዚያው ጣቢያ የሄዱት ነጋዴዎች እያንዳንዳቸው 55 ሚሊዮን ያህል እንደከፈሉ ተዘገበ። ሱብሓነላህ! ሃያ ዓመት የተወዳደሩበት ዕቃ የሚወደድበት ገበያ ምን ዓይነት ገበያ ነው? ውድድሩ ራሱ ምን ያህል እንደሆነ ደግሞ በ2024 አየን፤ በቦይንግ መንኮራኩር ለስምንት ቀን ያህል የወጡት ሁለት ጠፈርተኞች የተመለሱት ከዘጠኝ ወር በኋላ በተፎካካሪው በስፔስ ኤክስ መንኮራኩር ነው።

ሐቁን ላለመሸሸግ፣ የረከሰ ነገር አለ። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ የስፔስ ኤክስ ሮኬት ወደ ላይ ተኩሶ ቁልቁል ተመልሶ በእግሩ መቆም ቻለ፤ አንዱ ሮኬት ደጋግሞ ይሠራል፤ የጭነት ዋጋም በብዙ ወረደ። ነገር ግን የረከሰው የዕቃ ማጓጓዣ ነው። ሳተላይት አይተነፍስም፣ አይበላም፣ ወደ ቤቱ መመለስም አይፈልግም። ለእኛ የሚጠቅመውም ይኸው ነው። በዲሴምበር 2019 ሰባ ኪሎ ገደማ የምትመዝን የኢትዮጵያ ሳተላይት በቻይና ሮኬት ስትመጥቅ መረጃዋን የሚቀበለው ጣቢያ እንጦጦ ላይ ነበር፤ የተላከችውም እርሻንና የአካባቢን ሁኔታ ለመከታተል ነው። የጭነት ዋጋ በወረደ ቁጥር የዚህች ዓይነቷ ብዛት ይጨምራል። የባለጠጎች መቀመጫ ቢበዛ ግን ገበሬው ምን ያገኛል?

የእኛ ሰዎችም ጠፈር ወጥተዋል ብለው የሚኮሩ አሉ፤ መኩራታቸው ክፋት የለውም። ማሌዥያዊው ሐኪም ሼክ ሙስዘፋር በኦክቶበር 2007 በረመዳን ማብቂያ ላይ ሲወጣ፣ ጣቢያው በቀን 16 ጊዜ ያህል ምድርን ስለሚዞር፣ የአገሩ የፈትዋ ምክር ቤት ስለ ሰላት ሰዓትና ስለ ቂብላ መመሪያ አወጣ። ዑለሞቹ የተጠየቁትን በሚገባ መልሰዋል። ሆኖም መቀመጫው እንዴት ተገኘ ብለው ይጠይቁ። ማሌዥያ 18 የሱኮይ ተዋጊ ጀቶች ከሩሲያ ስትገዛ በስምምነቱ የተጨመረ ምርቃት ነበር። እንግዲህ ድሃ ወይም መካከለኛ አገር ወደዚህ ገበያ የሚገባበት በር ይህ ነው፤ በጦር መሣሪያ ግዢ በኩል!

ነገሩን የሚያጋልጠው ግን ሕጋቸው ነው። አሜሪካ በ2004 ያወጣችው ሕግ የበረራ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ለተሳፋሪዎች ደኅንነት ሲል ደንብ እንዳያወጣ በአመዛኙ ያግደዋል፤ ኢንዱስትሪው ገና ጨቅላ ነውና ይማርበት ተብሎ። ኩባንያው መንገደኛውን ማሳወቅ ያለበት በጽሑፍ ነው፤ «መንግሥት ይህን መንኮራኩር ደኅና ነው ብሎ አላረጋገጠም» ብሎ። መንገደኛውም ይፈርማል። የአውቶቡስ ቲኬት ሲቆርጡ እንዲህ ያለ ወረቀት ቢሰጥዎት ይሳፈራሉ? እገዳው ጊዜው ባበቃ ቁጥር ሲራዘም ኖሯል፤ ለመጨረሻ ጊዜ በ2024 ሲራዘም እስከ ጃንዋሪ 1 ቀን 2028 ተባለ። ያ ቀን ሲደርስ እነዚሁ ኩባንያዎች «አሁንስ አድገናል፣ ተቆጣጠሩን» ይሉ እንደሆነ፣ ወይስ እንደገና ጨቅላ ነን ይሉ እንደሆነ አብረን እናያለን።