ከመርጨት በፊት ማወቅ

ወይራ ሲባል ለእኛ ትዝ የሚለን ጢሱ የወተት ዕቃ የሚታጠንበት፣ እንጨቱም ለእጀታና ለማገዶ የሚፈለገው የአገራችን ዛፍ ነው። የዚሁ ዛፍ የቅርብ ዘመድ የሆነውና ለዘይቱ የሚለማው ወይራ ግን በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ፣ በስፔን፣ በኢጣሊያ፣ በግሪክና በቱኒዚያ፣ የብዙ ገበሬዎች መተዳደሪያ ነው። ይህን ዛፍ ከሚያጠቁት ተባዮች አንዷ የወይራ የእሳት እራት ናት።

ይህች አመድማ ነፍሳት ከ1 ሳንቲ ሜትር ያነሰች ብትሆንም በዓመት 3 ጊዜ ትራባለች። የመጀመሪያው ትውልድ አባጨጓሬ በአበባው ወራት እምቡጡን እየበላ አበባውን በድር ያያይዛል። ሁለተኛው ወደ ለጋው ፍሬ ዘልቆ ዘሩን ይበላል፤ በመስከረም ገደማ ቀዶት ሲወጣም ፍሬው ያለ ጊዜው ይረግፋል። ሦስተኛው ቅጠሉን ውስጥ ለውስጥ እየቦረቦረ የብርዱን ወራት ያሳልፋል።

አንዳንድ ሰዎች በአበባው ላይ ድር እንደታየ ወዲያውኑ ፀረ ተባይ መድኃኒት መርጨት ይገባል ይላሉ። በእኔ አስተያየት ይህ ችኮላ ነው። አንደኛ፣ ከ100 የወይራ አበቦች ፍሬ የሚሆኑት ብዙውን ጊዜ ከ5 አይበልጡም። ስለዚህ ዛፉ በሚገባ ባበበበት ዓመት ጥቂት አበባ ቢበላ ምርቱ እምብዛም አይጎዳም። ሁለተኛ፣ የእራቷን እንቁላል የሚበሉ ባለ ስስ ክንፍ አረንጓዴ ነፍሳትና በአባጨጓሬዋ አካል ውስጥ የሚያድጉ ጥቃቅን ተርቦች አሉ። ሁሉን ገዳይ መድኃኒት እነዚህን ረዳቶችም ስለሚፈጅ ገበሬው በገንዘቡ ወዳጆቹን ያጠፋል።

እርግጥ ነው፣ ተባዩ በፍሬው ላይ በበዛበት ዓመት ጉዳቱ ከባድ ስለሚሆን ገበሬው እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ አስቀድሞ በሴቷ ጠረን በተዘጋጀ ወጥመድ ወንዶቹን እየያዘ ይቁጠር፤ አበባውንና ፍሬውንም ይመርምር። መርጨት ግድ ሲሆንም አባጨጓሬን ለይቶ የሚገድለውን፣ ከባክቴሪያ የሚዘጋጀውን መድኃኒት በአበባው ወቅት ሊጠቀም ይችላል።

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» እንዲሉ፣ ሳይመረምሩ መርጨት ያልነበረ ዕዳ መግዛት ነው። የተባይን ኑሮ ጠንቅቆ ማወቅ ከማንኛውም መድኃኒት ይቀድማል።