ያልተሮጡት ኦሎምፒኮችም ይቆጠሩ

ጅማ ውስጥ ከፈረንጅ አራዳ እስከ ጅሬን መውጫ ድረስ፣ ቡና በሚጠጣበት ሥፍራ ሁሉ አንድ የማይሞት ክርክር አለ። ከሯጮቻችን ሁሉ ታላቁ ማን ነው? የኃይሌ ገብረሥላሴ ወገኖች ሃያ ሰባቱን የዓለም ክብረ ወሰኖች ይጠቅሳሉ፤ ከ1993 እስከ 1999 በ10,000 ሜትር ተከታትለው የመጡትን አራት የዓለም ሻምፒዮናዎች ይቆጥራሉ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ)፤ በመጨረሻም በ2000 ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በሰከንድ ዘጠኝ መቶኛ ብቻ የቀደመበትን ሩጫ እንደ ማኅተም ያሳርፉበታል። የቀነኒሳ በቀለ ወገኖች ደግሞ ሦስቱን የኦሎምፒክ ወርቆች፣ በአዋቂዎች ሀገር አቋራጭ በግል ያገኛቸውን አሥራ አንድ የዓለም ድሎች፣ እስከ 2020 ድረስ ማንም ያልነካቸውን የ5,000 እና የ10,000 ሜትር ሰዓቶች ያቀርባሉ። ሸምገል ያሉት ጣልቃ ገብተው «አበበ ቢቂላን ምን አደረጋችሁት?» ይላሉ። ሮም በባዶ እግር፣ ቶኪዮ ደግሞ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ከስድስት ሳምንት ያህል በኋላ! በዚህ መሐል አንዱ ስልኩን ያወጣና የሜዳልያውን ሠንጠረዥ ያነባል። ሠንጠረዡ ከተነበበ በኋላ ክርክሩ እንዳለቀ ይቆጠራል።

ይህ ጸሐፊ ክርክሩን ይወደዋል። የሚቃወመው ሠንጠረዡ ዳኛ ሆኖ መቀመጡን ነው።

በመጀመሪያ ነገር፣ ሠንጠረዡን የሚያመልኩት ሰዎች ራሳቸው አያከብሩትም። ዳኛው የኦሎምፒክ ሜዳልያ ብዛት ከሆነ አሸናፊዋ ጥሩነሽ ዲባባ ናት፤ ሦስት ወርቅ፣ ሦስት ነሐስ። ቀነኒሳ ሦስት ወርቅና አንድ ብር፣ ኃይሌ ሁለት ወርቅ አለው። እንግዲህ በራሳቸው ሚዛን ክርክሩ በአንድ ደቂቃ ማለቅ ነበረበት። ነገር ግን በጅማ ቡና ቤቶች ውስጥ የጥሩነሽ ስም ሲነሣ የምሰማው «በሴቶች ከሆነ አዎ» የሚል መልስ ነው። ሚዛኑ የሚፈልጉትን ሲመዝን ሚዛን ነው፣ የማይፈልጉትን ሲመዝን ደግሞ ሌላ ምድብ ይፈጠራል። ይህን ለጊዜው ልለፈው፤ የምጽፈው ስለ ሌላ፣ ከዚህ ስለሚከብድ ጉዳይ ነውና።

የሜዳልያ ሠንጠረዥ ሁለት ነገሮችን አቀላቅሎ የያዘ ሰነድ ነው፤ የሯጩን እግርና የመንግሥትን ፊርማ። ከ1972ቱ የሙኒክ ኦሎምፒክ እስከ 1992ቱ ባርሴሎና ሃያ ዓመት ነው። በመካከሉ አራት ኦሎምፒኮች ተካሂደዋል፤ ሞንትሪያል፣ ሞስኮ፣ ሎስ አንጀለስ፣ ሴኡል። ኢትዮጵያ የተገኘችው በአንዱ ብቻ ነው። ኃይሌ ግን ከ1996 እስከ 2008 በአራት ተከታታይ ኦሎምፒኮች ተሰልፏል፤ ቀነኒሳም በ2004፣ በ2008፣ በ2012፣ ከዚያም በአርባ ሁለት ዓመቱ በ2024 ፓሪስ ላይ ሮጧል። የእነዚህን ሰዎች መደርደሪያ ከዚያ ሃያ ዓመት ሯጮች መደርደሪያ ጋር አጠጋግቶ «የማን ይበልጣል?» ማለት ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

የእኛ አገር ሰው ይህን ከቡናው ሊረዳው ይገባል። «ጅማ አምስት» የሚባለው ደረጃ በዓለም ገበያ የታወቀ ስም ነው። ደረጃ መዳቢው ናሙናውን ዘርግቶ ጥቁሩን፣ የተሰበረውንና በነፍሳት የተበላውን ፍሬ ይቆጥራል። ቡናው በጓሮ ሲሰጣ ዝናብ እንደ መታው፣ መንገድ ተዘግቶ ጆንያ ውስጥ ሳምንት እንዳደረ አይጠይቅም፤ ሥራውም አይደለም። ነጋዴው በዚያ ቁጥር ዋጋ ይቆርጣል። ነገር ግን ከጎማ ወይም ከማና የመጣ ገበሬ ያንን ቁጥር ይዞ «እንግዲያው ዛፌ መጥፎ ነው» ቢል ሁላችንም እንስቅበታለን።

አሁን ወደ ምሩጽ ይፍጠር እንምጣ፤ ወደ ማርሽ ቀያሪው። በ1972 ሙኒክ ላይ በ10,000 ሜትር ከላሴ ቪረንና ከኤሚል ፑተማንስ ቀጥሎ ነሐስ አገኘ። የ5,000 ሜትሩ ማጣሪያ ግን አመለጠው፤ በሰዓቱ መነሻው ላይ አልተገኘም፣ ምክንያቱም እስከ ዛሬ በተለያየ መንገድ ይተረካል። ከአራት ዓመት በኋላ ሞንትሪያል ላይ ቪረን እንደ ሙኒኩ ሁሉ ሁለቱንም ርቀቶች አሸነፈ፤ ምሩጽ አልነበረም፣ አገሩ ከውድድሩ ወጥታለችና። በ1977 የአትሌቲክስ ዓለም ዋንጫ ዱሰልዶርፍ ላይ ሲካሄድ ግን የአፍሪካን መለያ ለብሶ 5,000ውንም 10,000ውንም ወሰደ። በ1979 ያው ዋንጫ እንደገና ሲዘጋጅ የተካሄደው የት ነበር? ሞንትሪያል! ከሦስት ዓመት በፊት ኦሎምፒክ በተደረገበት፣ እሱ ባልሮጠበት ከተማ። አሁንም ሁለቱንም አሸነፈ። በ1980 ሞስኮ ላይ ከማጣሪያ እስከ ፍጻሜ አምስት ጊዜ ሮጦ ሁለት ወርቅ አመጣ፤ በ10,000ው ሦስት መቶ ሜትር ያህል ሲቀር ማርሹን ሲቀይር የነበሩት ሁሉ ቆመው የቀሩ ይመስሉ ነበር። ቪረን አምስተኛ ወጣ።

አንድ የማከብራቸው ጡረተኛ መምህር እዚህ ላይ ሁልጊዜ ያስቆሙኛል። «ልጄ፣ ሞስኮ እኮ አሜሪካኖች ያልመጡበት፣ ኬንያዎችም የቀሩበት ኦሎምፒክ ነው፤ የምሩጽ ወርቅ በጎዶሎ ሜዳ የተገኘ ነው» ይላሉ። እውነት ነው፣ ጋሼ። ሄንሪ ሮኖ በ1978 በሰማንያ አንድ ቀን ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰኖችን የሰበረ ሰው ነበር፤ ኬንያ ከሞንትሪያልም ከሞስኮም ስለ ቀረች በሕይወቱ አንድም ኦሎምፒክ ሳይሮጥ አለፈ። የእርስዎ ክርክር ምሩጽን ሊያወርደው ተነሥቶ ሠንጠረዡን ራሱን አወረደው ማለት ነው። የዚያ ዘመን የኦሎምፒክ መዝገብ ከሯጮቹ ይልቅ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሮች መዝገብ ከሆነ፣ ዳኝነቱን ሁሉም በተገኙበት ሜዳ እንፈልግ፤ የዱሰልዶርፉና የሞንትሪያሉ ዋንጫ ደግሞ አሜሪካም፣ አውሮፓም፣ አፍሪካም የተሰለፉበት ነበር።

እዚህ ላይ ግን አንድ ልዩነት ማስመር አለብኝ፤ ሁሉም መቅረት አንድ ዓይነት አልነበረምና። በ1976 አፍሪካውያን ከሞንትሪያል የወጡት የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ ዘረኛዋ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ ነው። ዋጋውን ምሩጽና ጓዶቹ ከፈሉ፤ ዓላማው ግን ዛሬም አንገት የሚያስደፋ አይደለም። በ1992 ባርሴሎና ላይ ደራርቱ ቱሉ 10,000 ሜትሩን አሸንፋ፣ ከአፓርታይድ መውደቅ ጋር ወደ ኦሎምፒክ ከተመለሰችው ደቡብ አፍሪካ የመጣችውን ኤላና ሜየርን እጇን ይዛ ሜዳውን ስትዞር የታየው፣ በሞንትሪያል የተከፈለው ዋጋ ከንቱ አለመቅረቱ ነበር።

የ1984ቱና የ1988ቱ መቅረት ግን ምን ዓላማ ነበረው?

ሎስ አንጀለስን እንመልከት። ኢትዮጵያ በዓለም ሀገር አቋራጭ ከ1981 እስከ 1985 አምስት ዓመት ተከታትላ በወንዶች የቡድን አሸናፊ ነበረች (በ1981 ማድሪድ ላይ ልጆቻችን አንድ ዙር ሲቀር የጨረሱ መስሏቸው ኃይላቸውን አሟጠጡ፤ እንደዚያም ሆኖ ዋንጫው የእነርሱ ሆነ!)። መሐመድ ከድር በ1982፣ በቀለ ደበሌ በ1983 በግል አንደኛ ወጡ። በቀለ ያን ቀን የቀደመው ካርሎስ ሎፔዝን ነው። ከበደ ባልቻ በዚያው ዓመት ሄልሲንኪ ላይ፣ በመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና፣ በማራቶን ብር አገኘ። በቀጣዩ ዓመት የሎስ አንጀለስን ማራቶን ካርሎስ ሎፔዝ አሸነፈ፤ እነዚያ ልጆች ቤታቸው ነበሩ። ሶቪየት ኅብረት ከአሜሪካ ጋር የነበራትን ቂም ልትወጣ ቀረች፤ የእኛ ደርግም ተከትሎ ቀረ። ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል፤ የእኛው ሣር ግን ከዝሆኖቹ እግር ሥር ራሱ ሄዶ ተነጠፈ።

የሴኡሉ ይብሳል። በሚያዝያ 1988 በላይነህ ዲንሳሞ ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን ክብረ ወሰን ሰበረ። ያ ሰዓት ከአሥር ዓመት በላይ፣ እስከ መስከረም 1998 ድረስ ማንም ሳይደርስበት ቆየ። ሁለተኛ የወጣው የጅቡቲው አህመድ ሳላህ ነበር። ኦሎምፒኩ የደረሰው ከአምስት ወር በኋላ ነው። የመንግሥቱ ኃይለማርያም መንግሥት ለሰሜን ኮሪያ አጋርነቱን ለማሳየት ሲል ቡድኑን አስቀረ። የሶሻሊዝም አባት የነበረችው ሶቪየት ኅብረት ግን ሴኡል ሄዳ የሜዳልያውን ሠንጠረዥ በአንደኝነት መራች! ምሥራቅ ጀርመን ሄደች፤ ፖላንድ ሄደች፤ ሀንጋሪ ሄደች። እኛ ከኩባ ጋር ቀረን። ማራቶኑን ጣሊያናዊው ጄሊንዶ ቦርዲን በ2:10:32 አሸነፈ። ነሐሱን ማን ወሰደ? አህመድ ሳላህ፤ በሚያዝያ የበላይነህን ጀርባ ያየው ሰው።

በላይነህ ሴኡልን ያሸንፍ ነበር አልልም። ማራቶን ውሉ አይታወቅም፤ የሴኡል ሙቀትም የሮተርዳም ብርድ አይደለም። የምለው ይህን ነው፦ በዚህ ሰው መደርደሪያ ላይ ያለው ባዶ ቦታ የእሱ አይደለም፤ ስለዚህ ባዶውን እንደ ድክመቱ ቆጥራችሁ ከክርክሩ አታስወጡት።

አሜሪካኖች በራሳቸው እግር ኳስ ስለ ኳርተርባኮች፣ ማለትም ጨዋታውን ስለሚመሩት ኳስ ወርዋሪዎች፣ ልክ እንደኛ ይጨቃጨቃሉ። ቶም ብሬዲ ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን ሆኗል፤ ጆ ሞንታና በአራት የፍጻሜ ጨዋታ ተሰልፎ አራቱንም አሸንፏል። በዚህ መሐል ግን የሮጀር ስታውባክ ስም ሲነሣ አንድ ነገር አብሮ ይነሣል፤ የባሕር ኃይል መኮንን ሆኖ ቬትናም ጭምር አገልግሎ በ1969 ፕሮፌሽናል ጨዋታ ሲጀምር ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር። መሐመድ አሊም ለጦርነት አልመለመልም በማለቱ ከ1967 እስከ 1970 ከቀለበት ተከልክሏል፤ ስለ ታላቅነቱ ሲወራ እነዚያ ዓመታት በእሱ ላይ ሳይሆን ለእሱ ይቆጠራሉ። የእኛ ተከራካሪ ይህን ሁሉ ያውቃል። አሊን በዚህ ሚዛን መዝኖ በላይነህን በሌላ የሚመዝነው ለምንድን ነው?

ምናልባት መልሱ ዛሬ በያዝነው ክፉ ልማድ ውስጥ ይሆናል። ክርክሩ ከሯጩ ወደ ሯጩ ትውልድ ሥፍራ እየተሸጋገረ ነው፤ አንዱ የአርሲን ወርቅ ይቆጥራል፣ ሌላው ምሩጽን ከትግራይ ስለ ተወለደ ብቻ ያነሣዋል ወይም ይጥለዋል። ወገን ለይቶ ለመቁጠር ደግሞ ሠንጠረዥ ይመቻል፤ ያልተሮጠ ኦሎምፒክ ግን ለማንም ወገን አይቆጠርም፣ ስለዚህ ማንም አያነሣውም። በቢሮ የሚወሰን ዕጣ ከደርግ ጋር የቀረም የሚመስለው ካለ ቀነኒሳን ያስታውስ። በ2016 ለሪዮ ማራቶን ሳይመረጥ ቀረ፤ ቅሬታውንም በአደባባይ ተናገረ። በዚያው ዓመት መስከረም በርሊንን በ2:03:03 አሸነፈ። በፓሪስ ደግሞ ተጠባባቂ የነበረው ታምራት ቶላ በተጎዳው በሲሳይ ለማ ምትክ ገብቶ በ2:06:26 የኦሎምፒክን ክብረ ወሰን ሰበረ። ሲሳይ ባይጎዳ ኖሮ ታምራት በሠንጠረዡ ላይ ምን ይሆን ነበር?

ለተጠየቅሁት ጥያቄ መልስ ሳልሰጥ ላመልጥ አልፈልግም። እኔ ድምፄን የምሰጠው ለምሩጽ ነው። 5,000ውንና 10,000ውን በአንድ ውድድር ሦስት ጊዜ፣ በ1977፣ በ1979 እና በ1980 ደርቦ አሸንፏል። ኃይሌ በዓለም ሻምፒዮናም ሆነ በኦሎምፒክ ሁለቱን ደርቦ አላሸነፈም፤ ቀነኒሳ ሁለት ጊዜ፣ በ2008 እና በ2009 አድርጎታል። ይህን ሁሉ ምሩጽ የሠራው ከሦስት ኦሎምፒኮች አንዱን በተከለከለበት፣ የአንዱን ግማሽ ባጣበት፣ ዕድሜው ስንት እንደሆነ እስከ መጨረሻው ባከራከረበት ሁኔታ ነው። ያልተስማማ ቡና ይጋብዘኝና ይከራከረኝ።

ፌዴሬሽኑና የኦሎምፒክ ኮሚቴው ግን ከክርክራችን ውጪ አንድ ቀላል ሥራ አለባቸው። ለሞንትሪያል፣ ለሎስ አንጀለስና ለሴኡል ሲዘጋጁ የነበሩ አትሌቶች ስም፣ ከነርቀታቸውና በዚያ ዓመት ካስመዘገቡት ሰዓት ጋር፣ ሜዳልያ ካገኙት ስም ጎን በአንድ ግድግዳ ላይ ይጻፍ። ከእነርሱ ውስጥ ዛሬም በሕይወት ያሉ አሉ፤ ምሩጽን በ2016 ቶሮንቶ ላይ እንዳጣነው እነርሱንም ከማጣታችን በፊት ይለጠፍ፣ መጥተውም ያንብቡት።