የተጨመቀ ጌም፣ የተጨነቀ ላፕቶፕ

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች ቤት ሲውሉ፣ በብዙ ቤት ያለው አንድ ላፕቶፕ ሁለት ፈረቃ ይሠራል። ቀን የእናት ወይም የአባት የቢሮ ፋይል ይከፈትበታል፣ ማታ የልጆች ጌም። ጌሙ ከጓደኛ ወይም ፊልምና ጌም ከሚጭን ሱቅ በፍላሽ ይመጣል። ልጁ «ሴትአፕ» የሚለውን ይከፍታል፤ መስመሩ 60 በመቶ፣ 70 በመቶ እያለ ይሄዳል፤ ከዚያ አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቅ ትላለች። «አይኤስደን ዲኤልኤል» ወይም «አንአርክ ዲኤልኤል» ትላለች፤ ከሥሩ አንድ ቁጥር አለ። ልጁ አባቱን ያያል፣ አባት ልጁን። «ምን ነካህበት?»

የዚህ ወር ገጻችን ለዚያች ሳጥን ነው። ጌም የማትወዱም ቢሆን አትለፉት፤ ወረድ ብለን የምናወራው ስለ እናንተ ፎቶ፣ ቴሌግራምና ይለፍ ቃል ነው።

ጂቲኤ 5 በ2015 እ.ኤ.አ. ለኮምፒውተር ሲወጣ 65 ጊጋባይት ቦታ ይጠይቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ከመጡት ውስጥ 100 ጊጋባይትን የሚያልፉ ብዙ ናቸው። ይህን በሞባይል ዳታ ማውረድ ምን ማለት እንደሆነ ጥቅል የሚገዛ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ፋይሉን አጥብቀው የሚጨምቁ ሰዎች አሉ፤ ብዙ ጊዜ ወደ ግማሽ ያወርዱታል።

ከዓረብ አገር የምትመጣ ዘመድ ሻንጣ ስታሽግ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ብርድ ልብሱ ተጠቅልሎ፣ አየሩ ወጥቶ፣ ካልሲው ጫማ ውስጥ ተጠቅጥቆ ኪሎው ይሞላል። ቤት ሲደርስ ያ ሻንጣ ቁም ሳጥን ውስጥ አይፈታም፤ ወለል ይፈልጋል። የኮምፒውተሩ ወለል ራም የምንለው ነው፣ ቁም ሳጥኑ ደግሞ ሃርድ ዲስኩ። ወለሉ ከጠበበ ወይም ቁም ሳጥኑ ከሞላ ፈቺው መሃል ላይ ይቆማል።

ሌላም ነገር አለ። ተራ ፊልም ላይ አንዲት ነጥብ ብትበላሽ ስክሪኑ ላይ ጭረት አይታችሁ ታልፋላችሁ። የተጨመቀ ፋይል ግን እያንዳንዱ ቁራጭ ከፊቱ ባለው ላይ ተደግፎ ነው የሚፈታው። አንዲት ነጥብ ከተሳሳተች ከእሷ በኋላ ያለው ሁሉ ትርጉም ያጣል። ፕሮግራሙም ያወጣውን ከመጀመሪያው መለኪያ ጋር አስተያይቶ «አልገጠመም» ብሎ ያቆማል። ለቢሮ ሥራ ምንም ያልሆነ ላፕቶፕ ጌም ሲጭን ብቻ የሚያስቸግረው አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ በሌላ ጊዜ ትንሿን ስህተት የሚቆጥርባት የለም።

እኔ የምሠራው ማርኬቲንግ ነው። የደንበኛ ቅሬታ ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰደበው መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ናት፤ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ከእሷ ጀርባ፣ መጋዘን ወይም ትራንስፖርት ላይ ነው። የኮምፒውተር ስህተትም እንደዚያ ነው። አንአርክ የፈቺው ስም ብቻ ነው። እሱን ከኢንተርኔት ፈልጎ በአዲስ መተካት ሠራተኛዋን አባርሮ የመጋዘኑን ችግር እንደመተው ነው።

ለዚህ የማውቀው ትልቁ ምሳሌ የኢንቴል ነው። በ2023 እና በ2024 እ.ኤ.አ. በ13ኛና በ14ኛ ትውልድ ኮር አይ9 የሚሠሩ ውድ ኮምፒውተሮችን የገዙ ሰዎች ጌም ሲከፍቱ «የቪዲዮ ሜሞሪ አልበቃም» የሚል መልእክት ይመጣባቸው ነበር። ሰው ሁሉ የግራፊክስ ካርዱን ይከስ ጀመር። የካርዱ አምራች ኤንቪዲያ ግን በሚያዝያ 2024 ወደ ኢንቴል ሂዱ አለ። ጌሙ ሲከፈት የተጨመቀ ነገር ይፈታል፤ ፕሮሰሰሩ ያንን ሲፈታ ይሳሳት ነበር። ኢንቴልም ፕሮሰሰሩ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ ይጠይቅ እንደነበር አምኖ በነሐሴ 2024 ማስተካከያ አወጣ፤ ዋስትናውንም በ2 ዓመት አራዘመ። ዘመድ ከውጭ እንዲህ ያለ ዴስክቶፕ ልኮላችሁ ከሆነ የማዘርቦርዱን ባዮስ ማሳደስ አትርሱ። ለሌሎቻችን የሚቀረው ነገር አንድ ነው፦ ሳጥኗ የጠራችው ስም ላይ አትፍረዱ፣ ከሥሩ ያለውን ዓረፍተ ነገር አንብቡ። ፋይሉ ተበላሽቷል ይላል? ሜሞሪ አልበቃም ይላል? መጻፍ አልቻልኩም ይላል? ሦስቱ የተለያዩ በሽታዎች ናቸው።

«ተበላሽቷል» ካለ ከፍላሹ ጀምሩ። ገበያው ላይ «2 ቴራባይት» ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ ፍላሽ አለ። ውስጡ 32 ወይም 64 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩን እንዲያታልል ተደርጎ የተሠራ። ኮፒ ስታደርጉ «ጨረስኩ» ይላችኋል፣ የፋይሉ ስምም መጠኑም ይታያል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው ወይም በላዩ ላይ ሌላ ተጽፎበታል። የልጆች ፎቶ እንዲህ ያለ ፍላሽ ላይ ያስቀመጠ ቤተሰብ አውቃለሁ፤ ጌሙ አልጫን ባይል ኖሮ ሳያውቁት ይቆዩ ነበር። ኤች2ቴስትደብሊው የሚባል ነፃ ፕሮግራም ፍላሹን እስከ ጫፉ ሞልቶ መልሶ በማንበብ እውነተኛ መጠኑን ይነግራችኋል። ፈተናውን ባዶ ፍላሽ ላይ አድርጉት።

ፍላሹ ደህና ከሆነ ፋይሎቹን በሙሉ መጀመሪያ ወደ ላፕቶፑ ገልብጡ፣ ከዚያ ጫኑ። ከፍላሽ በቀጥታ መጫን ኬብሉ ትንሽ ሲነቀነቅ የሚቋረጥ ሥራ ነው። አንዱ ፋይል ከ4 ጊጋባይት በልጦ ፍላሹ አልቀበልም ካለ ፋት32 በሚባለው አሠራር ፎርማት ስለተደረገ ነው፤ ኤክስፋት አድርጉት፣ ግን ፎርማት ማድረግ ውስጡን ስለሚያጠፋ አስቀድማችሁ ያለውን አውጡ። ከጌሙ ጋር ኤምዲ5 የሚባል የማረጋገጫ ፋይል ከመጣ እሱን ቀድማችሁ አስኪዱት። የተበላሸው የትኛው ቁራጭ እንደሆነ ይነግራችኋል፤ 40 ጊጋባይት እንደገና ከመለመን አንድ ቁራጭ መለመን ይቀላል።

«ሜሞሪ አልበቃም» ካለ ብራውዘሩንና ሌላውን ሁሉ ዝጉ። ብዙዎቹ የተጨመቁ ጌሞች ሲጀምሩ ራም በ2 ጊጋባይት እንዲገደብ የሚጠይቅ ትንሽ ሳጥን አላቸው፤ 4 ጊጋባይት ራም ላለው ላፕቶፕ እሷን ምልክት ማድረግ ብቻውን ብዙ ጊዜ ይበቃል፣ ቢረዝምም ይጨርሳል። ዊንዶውስ ራም ሲያጥረው ከሃርድ ዲስክ ስለሚበደር «ሲ» የሚባለው ክፍል እስከ አፉ መሙላት የለበትም። ለጌሙ የሚያስፈልገው ቦታም ሲፈታ የሚሆነው እንጂ ፍላሹ ላይ ያያችሁት አይደለም።

«መጻፍ አልቻልኩም» ለሚለው ከቦታ ማነስ ሌላ በእኛ አገር በተለይ የሚያጋጥም ምክንያት አለ። የፎልደሩን ወይም የኮምፒውተሩን ተጠቃሚ ስም በአማርኛ የጻፈ ሰው ካለ አሮጌ ፈቺዎች ፊደሉን አያነቡትም፣ መንገዱ ይጠፋባቸዋል። በአማርኛ መሰየማችሁን አልነቅፍም፣ እኔም የማደርገው ነው። ለጌሙ ብቻ «ሲ» ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል አጭር ስም ያለው ፎልደር ክፈቱ።

ሁሉም ደህና ሆኖ አሁንም በየጊዜው የተለያየ ቦታ ላይ የሚቆም ከሆነ ፋይሉን ሳይሆን ማሽኑን ጠርጥሩ። ሲፈታ ፕሮሰሰሩ ለሰዓታት በሙሉ ኃይሉ ይሠራል፤ አልጋ ወይም ሶፋ ላይ የተቀመጠ ላፕቶፕ አየር ማስገቢያው ይደፈንና ይግላል። ጠረጴዛ ላይ አድርጉት። ዊንዶውስ ራሱ የራም መፈተሻ አለው፣ ማታ አስነስታችሁት ተኙ። እና 99 በመቶ ላይ ቆሞ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ አትግደሉት፤ እየሠራ ነው። መብራት ሄዶ ከተቋረጠ ግን ግማሹን ላይ ለመቀጠል አትሞክሩ፣ የተጻፈውን አጥፍታችሁ ከዜሮ ጀምሩ።

ተጭኖ አልከፈት የሚለው ሌላ ታሪክ ነው፤ ይህኛው አጭር ነው። «ኤምኤስቪሲፒ140 ጠፍቷል» ካለ የሚጎድለው ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ የሚባለው የማይክሮሶፍት ነፃ ጥቅል ነው፤ የ32ቱንም የ64ቱንም ቢት ጫኑ። በ«7ቢ» የሚያልቅ ረጅም ቁጥር ከመጣም ብዙውን ጊዜ እነዚህ ሁለቱ ተደባልቀው ነው፣ መፍትሔው ያው ነው። ለቆዩ ጌሞች የሰኔ 2010 እ.ኤ.አ. የዳይሬክትኤክስ ጥቅል ይጨመራል። ሁሉንም ከማይክሮሶፍት ከራሱ አውርዱ። የጠፋችውን አንዲት ዲኤልኤል ለብቻዋ የሚያድሉ ገጾች አሉ፤ ከመንገድ ላይ ያገኛችሁትን ኪኒን አትውጡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የእህቴ ልጅ 14 ዓመቱ ነው። ባለፈው ወር ጌም አስጭኖ ሲመጣ ከፍላሹ ጋር አንድ ብጣሽ ወረቀት ይዞ ነበር፤ ወረቀቱ ላይ «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ» ይላል። እህቴ በዚያው ላፕቶፕ የዕቁቡን ሒሳብ ትይዛለች፣ የባንክ መልእክቶቿ የሚገቡበት ኢሜይል ክፍት ነው፣ ቴሌግራሟም ክፍት ነው። ልጁ መመሪያ ነው የተከተለው። ሱቁም ምናልባት ክፉ አስቦ አይደለም፤ ለሁሉም ደንበኛ የሚሰጠው መመሪያ ነው።

እውነት ነው፣ አንቲቫይረስ አንዳንዴ ያለ ጥፋት ይይዛል። የጌሙ ዋና ፋይል ተጭኖ ሲያበቃ ከፎልደሩ ጠፍቶ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ዊንዶውስ ዲፌንደር ወስዶት ነው። ፈቃድ ባለው ጌም ላይ ከሆነ ከዲፌንደር የጥበቃ ታሪክ ውስጥ መመለስ ይቻላል። በሱቅ የሚጫኑት ግን አብዛኞቹ ያለ ፈቃድ የተገለበጡ ናቸው፤ መቆለፊያቸውን ለመስበር የገባው ፋይልና ሆን ተብሎ የተደበቀ ሌባ ለዓይን አንድ ናቸው። እናንተም ሆናችሁ ባለ ሱቁ ልትለዩዋቸው አትችሉም።

በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ ሰው ለበዓል ጌም በሚያወርድበት ሰሞን የሆነውን ካስፐርስኪ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ድርጅት ይፋ አድርጎታል። ቢምኤንጂ ድራይቭንና ጋሪስ ሞድን የመሰሉ ታዋቂ ጌሞች በተጨመቀ መልክ ተለቀቁ። ጌሞቹ በትክክል ይሠሩ ነበር፣ ስህተትም አያሳዩም። ከሥር ግን ኮምፒውተሩን ለሌላ ሰው ዲጂታል ገንዘብ እንዲያመርት የሚያደርግ ፕሮግራም ይጫን ነበር፤ ያውም አቅም ያላቸውን፣ 8 ኮርና ከዚያ በላይ ያላቸውን ማሽኖች መርጦ። ይህ ኤሌክትሪክና ማሽን ብቻ የሚበላው ነው። ሌሎቹ በብራውዘር የተቀመጠ ይለፍ ቃል ይሰበስባሉ፣ የቴሌግራምንም የዴስክቶፕ ፎልደር ይገለብጣሉ። ያ ፎልደር የያዘ ሰው የማረጋገጫ ቁጥር ሳይጠየቅ እናንተን ሆኖ ይገባል። «ትንሽ ብር ቸግሮኝ ነበር» የሚል መልእክት ከወዳጃችሁ ስም ደርሷችሁ የሚያውቅ ከሆነ እንዲህ ያለው መንገድ አንዱ ነው።

ስለዚህ የእኔ ምክር፦ ለቀረው ስህተት ሁሉ ታገሉ፣ ዲፌንደር ያዝኩት ካለ ግን ጌሙን ተዉት። ጥርጣሬ ካለ የሴትአፑን ፋይል ቫይረስቶታል ላይ ጫኑት፣ በብዙ አንቲቫይረስ በአንዴ ይመረምርላችኋል፤ ንጹሕ ማለቱ ግን ሙሉ ዋስትና አይደለም። የሥራና የባንክ ነገር ያለበት ላፕቶፕ ላይ ለልጆች የአስተዳዳሪ መብት የሌለው የራሳቸው አካውንት ክፈቱ፤ አንድ ነገር ሊጫን ሲል ብዙ ጊዜ የእናንተን ይለፍ ቃል ይጠይቃል። ወረቀቱን የተከተለ ልጅ ቤታችሁ ካለ ደግሞ ከሌላ ንጹሕ ስልክ ሆናችሁ የኢሜይልና የባንክ ይለፍ ቃላችሁን ቀይሩ፣ በቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ «ዲቫይስስ» በሚለው ገብታችሁ የማታውቁትን ሁሉ አስወጡ።

«ታዲያ ልጁ ምን ይጫወት?» ለምትሉ፣ ኤፒክ ጌምስ በየሳምንቱ ነፃ ጌም ይሰጣል፤ ዶታ 2 እና ፎርትናይትም ነፃ ናቸው። የዳታውን ነገር ደግሞ ስቲም አቅልሎታል፤ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ቤት ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ያወረደውን ጌም በዚያው ዋይፋይ ላይ ላለው ሌላ ኮምፒውተር ያለ ኢንተርኔት ፍጆታ ያስተላልፋል። ጎረቤት ያለው የአጎት ልጅ አንዴ በሌሊት ጥቅል ካወረደው፣ ላፕቶፑን ይዞ እናንተ ቤት ይምጣ። ስቲም የሚቀበለውን ፋይል ራሱ ያረጋግጣል፤ የጎደለ ካለም ያንን ብቻ ያወርዳል።