መጫወቻ ወይስ መብራት? የጉምሩክ ምደባና የትናንሽ መብራቶች ዋጋ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል የአገራችን ሰው። ከውጭ አገር ለሚገባ ዕቃ ግን ስም የሚያወጣለት የጉምሩክ ታሪፍ መጽሐፍ ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ትንሽ መብራት «መብራት» ተብሎ ሲገባና «መጫወቻ» ተብሎ ሲገባ የሚጠየቅበት ቀረጥ ሊለያይ ይችላል። ልዩነቱን በመጨረሻ የሚከፍለው ደግሞ ዕቃውን ለቤቱ የሚገዛው ሰው ነው።

በአዲስ አበባ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በመርካቶ የሚገኘው ጭድ ተራ ስሙ የገበሬውን ምርት ያስታውሳል። ጭድ ለከብት መኖነትም ለጭቃ ቤት ግድግዳም ይፈለጋልና። ዛሬ ጭድ ተራን ጨምሮ በመርካቶ ተራዎች የንግዱ ጉልበት ከውጭ አገር በሚገባ ዕቃ ላይ ነው። የክልል ከተሞች ነጋዴዎች ከመርካቶ ጭነው ከሚያመጧቸው ሸቀጦች መካከል የእጅ ባትሪ፣ በፀሐይ የሚሞላ ፋኖስ፣ ለበዓልና ለሠርግ የሚሰቀል የጌጥ መብራት፣ ብልጭ ድርግም የሚል የልጆች መጫወቻና መብራት ያለው የቁልፍ መያዣ ይገኙበታል። በመልክ የሚቀራረቡ ቢሆኑም በታሪፍ መጽሐፉ ግን የተለያየ ቦታ አላቸው።

ምደባው የሚመራበት ሥርዓት

ኢትዮጵያ ዕቃዎችን የምትመድበው የዓለም ጉምሩክ ድርጅት ባዘጋጀው፣ በተለምዶ «ኤች ኤስ» በሚባለው የኮድ ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ሲሆን ከ200 በላይ አገራትና የኢኮኖሚ ማኅበረሰቦች ይጠቀሙበታል። የመጀመሪያዎቹ 6 አኃዞች በሁሉም ዘንድ አንድ ናቸው። ከዚያ በኋላ ያሉትን አኃዞችና የቀረጡን ምጣኔ እያንዳንዱ አገር ራሱ ይወስናል።

ዕቃው ወደ አገር ሲገባ አስመጪው ወይም በስሙ የሚሠራው የጉምሩክ አስተላላፊ ኮዱን በዲክላራሲዮኑ ላይ ይሞላል። ጉምሩክ ይህን ይመረምራል፤ ዕቃው ከተለቀቀ በኋላም ሰነዱን ኦዲት ሊያደርግ ይችላል። ሥልጣኑን የሚያገኘው ከጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006 እና ይህን ካሻሻለው አዋጅ ቁጥር 1160/2011 ነው። ስለዚህ የኮድ ስሕተት በመጋዘን ደጃፍ ብቻ የሚያበቃ ጉዳይ አይደለም። ዕቃው ተሽጦ ካለቀ በኋላም የልዩነት ክፍያ ሊያስጠይቅ ይችላል።

አንድ ብርሃን፣ ብዙ ቦታ

በራሱ ባትሪ የሚሠራ፣ በእጅ የሚያዝ መብራት የሚመደበው በታሪፍ ቁጥር 85.13 ነው። የእጅ ባትሪ እዚህ ይገባል። በግድግዳ፣ በጣሪያ ወይም በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ መብራቶች በ94.05 ይመደባሉ። መጫወቻዎች ቁጥራቸው 95.03 ሲሆን የበዓልና የቀልድ ዕቃዎች ደግሞ 95.05 ናቸው።

ችግሩ የሚጀምረው በድንበሩ ላይ ነው። ለገና ዛፍ የሚሰቀል የመብራት ሐረግ የበዓል ዕቃ ይመስላል። ይሁን እንጂ የምዕራፍ 95 ማስታወሻ የኤሌክትሪክ የጌጥ ሐረግን ከምዕራፉ አውጥቶ ወደ 94.05 ይመራዋል። በአንጻሩ በባትሪ የሚበራ መጫወቻ ኤሌክትሮኒክስ ስላለበት ብቻ ወደ ምዕራፍ 85 አይሄድም። መጫወቻነቱ ከተረጋገጠ ምዕራፍ 95 ይቀድማል።

ለገጠሩ ነዋሪ ይበልጥ የሚቀርበው ጥያቄ በፀሐይ ስለሚሞላው ፋኖስ የሚነሣው ነው። ብዙዎቹ ፋኖሶች መብራት፣ ሬዲዮና የስልክ መሙያ በአንድ ላይ አላቸው። መብራት ናቸው ወይስ ሬዲዮ? ሕጉ እንዲህ ላለው መሣሪያ ዋና ተግባሩ ምን እንደሆነ ተመልክቶ እንዲመደብ ያዝዛል። «ዋና ተግባር» የሚለው መመዘኛ ግን ለክርክር በር ይከፍታል። አንዱ መርማሪ የብርሃኑን ኃይል ሲያይ፣ ሌላው ሬዲዮውን ሊያይ ይችላል። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤች ኤስ እትም በፀሐይ ኃይል ለሚሠሩና በኤል ኢ ዲ ብቻ ለሚበሩ መብራቶች በ94.05 ሥር የራሳቸውን ንዑስ ቁጥር መስጠቱ አንዱን ጥርጣሬ ያቃልላል። በእጅ ለሚያዘውና ከአንድ በላይ አገልግሎት ላለው ዕቃ ግን ጥያቄው ገና አልተዘጋም።

የ300 ብር ልዩነት እንዴት ያድጋል?

የምደባው ልዩነት ለምን ያህል ገንዘብ እንደሚያከራክር በምሳሌ እንይ። ምጣኔዎቹ ለማስረዳት የተወሰዱ እንጂ ለአንድ የተወሰነ ዕቃ የተቀመጡ አይደሉም። ዋጋው፣ የመድን ዋስትናውና የመጓጓዣው ወጪ ተደምሮ 1 ሺህ ብር የሆነ ካርቶን መብራት አለ እንበል። በአንዱ ኮድ የ35 በመቶ፣ በሌላው የ5 በመቶ ቀረጥ ይጠየቅበታል።

በመጀመሪያው ስሌት ቀረጡ 350 ብር ይሆናል። በ1 ሺህ 350 ብር ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታሰብ 202 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ዕቃው ሱር ታክስ የሚከፈልበት ከሆነ በድምሩ ላይ 10 በመቶ፣ ማለትም 155 ብር ከ25 ሳንቲም ይጨመራል። ጠቅላላው 1 ሺህ 707 ብር ከ75 ሳንቲም ይደርሳል። በሁለተኛው ስሌት በተመሳሳይ ቅደም ተከተል 1 ሺህ 328 ብር ከ25 ሳንቲም ይሆናል። የቀረጡ ልዩነት 300 ብር ብቻ ነበር፤ ታክስ በታክስ ላይ ሲደራረብ ግን 379 ብር ከ50 ሳንቲም ሆነ። የጅምላና የችርቻሮ ትርፍ የሚታከለው ከዚህ በኋላ ነው።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ጉዳዩን ይበልጥ አክብዶታል። ቀረጥ የሚሰላው በብር ከተመነዘረው ዋጋ ላይ በመሆኑ፣ ብር ሲዳከም የአንዱ ኮድ ከሌላው ያለው ልዩነትም በብር ይሰፋል።

ክርክሩ የእኛ ብቻ አይደለም

በአሜሪካ በ2003 እ.ኤ.አ. የዓለም አቀፍ ንግድ ፍርድ ቤት የፊልምና የካርቱን ጀግኖች ምስሎች «አሻንጉሊት» ናቸው ወይስ «መጫወቻ» በሚል ጥያቄ ላይ ውሳኔ ሰጥቷል። የሰውን መልክ ለያዘ አሻንጉሊት ቀረጡ 12 በመቶ፣ ለሌላው መጫወቻ 6.8 በመቶ ነበር። ፍርድ ቤቱ ጀግኖቹ ሰውን አይወክሉም በማለት ለአስመጪው ፈረደ። ነገሩ ፈገግ ቢያሰኝም ትምህርት አለው፤ ውሳኔው ከነምክንያቱ በጽሑፍ ስለወጣ ቀጣዩ አስመጪ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል።

ጫናው የሚያርፍበት ትከሻ

ትልቅ አስመጪ የተካነ አስተላላፊ ይቀጥራል፤ ቅሬታውን ለጉምሩክ አቅርቦ፣ ካልረካም እስከ ግብር ይግባኝ ኮሚሽን ሊሄድ ይችላል። ትንሹ ነጋዴ ግን ወይ የተጠየቀውን ከፍሎ ዋጋውን ይጨምራል፣ ወይ ስሙ ባልታወቀ መንገድ የገባ ዕቃ ይገዛል። በሁለተኛው መንገድ የገባ ዕቃ ደረሰኝ አይኖረውም። በኅዳር 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ደረሰኝ የሌለው ዕቃ ይወረሳል በሚል ወሬ ሱቆች ሲዘጉ፣ የአዲስ አበባ ገቢዎች ቢሮ ወሬውን ቢያስተባብልም፣ የደረሰኝ ጉዳይ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደሆነ ታይቷል። ደረሰኝ የሚጠፋበት ምክንያት ብዙ ነው፤ የመነሻ ሰነዱ ከዕቃው ጋር አለመገጣጠሙ ግን አንዱ ነው።

የኃይል መሥመር ላልደረሰው አርሶ አደር ፋኖሱ የልጆቹ የጥናት ብርሃንና የስልኩ መሙያ ነው። ዋጋው ከአቅሙ በላይ ሲሆን ወደ ኩራዝና ወደ ነጭ ጋዝ ይመለሳል፤ ወይም በሁለት ወር የሚበላሽ ርካሽ ዕቃ ይገዛል። መንግሥት በተለያየ ጊዜ ለፀሐይ ኃይል ቴክኖሎጂዎች የቀረጥ ማበረታቻ መስጠቱ ይታወቃል። ማበረታቻው ግን የሚደርሰው በትክክለኛው ስም ለተመዘገበ ዕቃ ነው። ፋኖሱ «መጫወቻ» ወይም «ሬዲዮ» ተብሎ ከገባ ማበረታቻው ወረቀት ላይ ይቀራል።

ምን ይበጃል?

መፍትሔው የቀረጡን ምጣኔ ከመቀየር ይልቅ የምደባውን መንገድ ከማጥራት ቢጀምር ይሻላል። አንደኛ፣ በብዛት በሚገቡ ትናንሽ መብራቶች ላይ የተሰጡ የምደባ ውሳኔዎች በሥዕልና በቀላል አማርኛ ተዘጋጅተው ለሕዝብ ቢገለጹ ነጋዴው ሳይገምት ይሞላል። ሁለተኛ፣ አስመጪው ዕቃውን ከማዘዙ በፊት ናሙና አቅርቦ አስገዳጅ መልስ የሚያገኝበት የቅድሚያ ውሳኔ አሠራር ለትንሹ አስመጪም ተደራሽ መሆን አለበት። የዓለም ጉምሩክ ድርጅትም አባል አገራቱን የሚያበረታታበት አሠራር ነው። ሦስተኛ፣ ማበረታቻ የሚሰጥ መመሪያ ሲወጣ ከነኮዱና ከነገለጻው ቢወጣ፣ ፋኖስና መጫወቻ ባንድ ሚዛን አይቀመጡም።

ይህ ሲሆን ሐሰተኛ ስም ሰጥቶ ቀረጥ የሚሸሽ ነጋዴም መደበቂያ ያጣል። ሸማቹም ድርሻ አለው፤ ፋኖስ ሲገዛ ደረሰኝ ይጠይቅ፣ በደረሰኙ ላይ የተጻፈው ስምም ከያዘው ዕቃ ጋር መገጣጠሙን ይመልከት።